ይሄ ትራክ የእውነት አለ ወይስ ፈጠራ ነው?

ዛሬ ስለ መኪና ውድድር ጌሞች እናውራ። ስልካችሁ ወይም ፕሌይስቴሽን ላይ የምትነዱበት ትራክ የሆነ አገር ውስጥ በእውን ያለ ነው? ወይስ አንድ ዲዛይነር ኮምፒውተር ፊት ቁጭ ብሎ የፈጠረው? ብዙዎቻችን "ምን አገባኝ፣ ዋናው መኪናው ነው" ብለን እናልፈዋለን። ግን ልዩነቱ ከምናስበው በላይ ነው። ከጌሙ ምን እንደምትማሩ፣ ጌሙ ከዓመታት በኋላ ገበያ ላይ ይኑር አይኑር ሳይቀር የሚወስነው አንዱ ነገር ይሄው ነው።

ነገሩን ከሁለት ከተሞች እንጀምር። (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቺካጎ እና ሃኖይ

በጁን 2021 የአሜሪካው ናስካር ሾፌሮች ቺካጎ ከተማ መሃል ተወዳደሩ። በሐይቁ ዳር ባለው ጎዳና፣ በግራንት ፓርክ ዙሪያ፣ በፎቆቹ መሃል ለመሃል። ግን አንድም መንገድ አልተዘጋም። ውድድሩ የተካሄደው አይሬሲንግ በሚባለው የሲሙሌሽን ጌም ውስጥ ነበር። ያኔ ቺካጎ ውስጥ እንዲህ የሚባል ትራክ አልነበረም። የጌሙ ሰዎች የከተማዋን መንገዶች ወስደው፣ አጥርና መታጠፊያ አበጅተው የፈጠሩት ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ጁላይ 2 ቀን 2023፣ እነዚያው መንገዶች በእውነት ተዘጉ። 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት፣ 12 መታጠፊያ። በናስካር ከፍተኛ ሊግ ታሪክ በከተማ ጎዳና ላይ የተደረገ የመጀመሪያው ውድድር ሆነ። ያሸነፈው ደግሞ በዚያ ሊግ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰለፈው ኒውዚላንዳዊ ሼን ቫን ጊስበርገን ነው። በዕለቱ ከባድ ዝናብ ጥሎ ውድድሩ ከታቀደው ዙር አጥሮ ተጠናቀቀ። የሚገርመው አይሬሲንግ ላይ ያኔ ዝናብ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ዝናብ ወደ ጌሙ የገባው በ2024 ነው።

አሁን ወደ ቬትናም እንሂድ። ዋና ከተማዋ ሃኖይ በኤፕሪል 2020 ፎርሙላ 1 ልታስተናግድ ትራኳን ሠርታ ጨርሳ ነበር። አስፋልቱ ተነጥፏል፣ ሕንፃው ቆሟል። ኮሮና መጣና ውድድሩ መጀመሪያ ተራዘመ፣ በኋላ ተሰረዘ፣ ከዚያም ከካላንደሩ ወጣ። እስከ ዛሬ አንድም የፎርሙላ 1 ውድድር አልተደረገበትም። ግን በጁላይ 2020 የወጣው የፎርሙላ 1 ጌም ውስጥ ትራኩ አለ። የሃኖይ ግራንድ ፕሪን አሸንፈናል የሚሉ ሰዎች ካሉ ሁሉም ጌም ተጫዋቾች ናቸው።

እና የትኛው ነው ፈጠራ፣ የትኛው ነው እውነት? ቺካጎ ከጌም ወጥቶ አስፋልት ላይ አረፈ። ሃኖይ ከአስፋልት ተነስቶ ጌም ውስጥ ቀረ። ስለዚህ "የእውነት ከሆነ አሪፍ፣ ፈጠራ ከሆነ ቀሽም" የሚለው አከፋፈል ብዙም አያስኬድም። የተሻለው ጥያቄ "ይሄ ትራክ የተሠራው ለማን ነው?" የሚለው ነው።

ሦስት ዓይነት ትራክ

በጌሞች ውስጥ ያሉትን ትራኮች በሦስት ከፍለን ማየት እንችላለን።

አንደኛው የእውነት ትራክ ነው። ሲልቨርስተን፣ ስፓ፣ ሱዙካ፣ ሞንዛ። በአካል ሄዳችሁ ልትረግጡት የምትችሉት፣ ጌሙ የቀዳው።

ሁለተኛው የፈጠራ ትራክ ነው። ካርታ ላይ ብትፈልጉት የማታገኙት። የግራን ቱሪስሞ ተጫዋቾች የሚያውቁት ትራያል ማውንቴን ወይም ዲፕ ፎረስት እዚህ ይገባሉ።

ሦስተኛው መሃል ላይ ያለው ነው። ከተማው የእውነት ነው፣ ውድድሩ ግን ፈጠራ ነው። አስፋልት 9ን የተጫወተ ሰው በካይሮ፣ በሮም፣ በሂማላያ ነድቷል። ቦታዎቹ አሉ፣ ግን መኪና እየተሽከረከረ አየር ላይ የሚበርበት መወጣጫ እዚያ የለም። የቺካጎው ትራክም በ2021 እዚህ ምድብ ውስጥ ነበር።

በስልክ ለምትጫወቱ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን ሪል ሬሲንግ ነው። በ2009 የወጣው የመጀመሪያው ጌም ስሙ "የእውነት ውድድር" ይሁን እንጂ ትራኮቹ የፈጠራ ነበሩ። በ2013 ሦስተኛው ሲመጣ ግን ሲልቨርስተን፣ ላጉና ሴካ፣ ኢንዲያናፖሊስና ሌሎች የታወቁ ትራኮች ስልክ ላይ ገቡ። ያኔ ብዙ ልጆች የእነዚህን ትራኮች መታጠፊያ መጀመሪያ ያወቁት በጣታቸው ነው።

የእውነት ትራክ ጌም ውስጥ እንዴት ይገባል?

ድሮ በፎቶ፣ በቪዲዮና በካርታ ነበር። ባለሙያዎቹ ቦታው ድረስ ሄደው ብዙ ፎቶ ያነሳሉ፣ ከዚያ በዓይን ግምት ይሠራሉ። ቅርጹ ይመጣል፣ ግን ዳገትና ቁልቁለቱ፣ ጉድጓዱና ጉብታው በትክክል አይመጣም።

አሁን በሲሙሌሽን ጌሞች ዘንድ የተለመደው ሌዘር ስካን ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ መሣሪያው ትራኩ ላይ ይቆማል ወይም መኪና ላይ ተጭኖ ይዞራል። በየአቅጣጫው የሌዘር ጨረር ይልካል፤ ጨረሩ አስፋልቱን፣ አጥሩን ወይም ዛፉን ነክቶ ሲመለስ የፈጀውን ጊዜ ለክቶ ርቀቱን ያሰላል። ይሄን ሚሊዮን ጊዜ ሲደጋግመው የትራኩ ቅርጽ በነጥቦች ደመና ተስሎ ይወጣል። ከዚያ የጌሙ ባለሙያዎች ነጥቦቹን አገናኝተው መንገድ ያደርጉታል። በ2008 የጀመረው አይሬሲንግና በ2014 የወጣው የጣሊያኖቹ አሴቶ ኮርሳ የታወቁት በዚህ ነው። የአሴቶ ኮርሳ ሠሪዎች ኩኖስ ቢሯቸው ራሱ ቫሌሉንጋ የሚባል የውድድር ትራክ ግቢ ውስጥ ነው።

ለምን ይሄን ያህል ይደከማል? ትንሽዋ ጉብታ የሾፌሩን ውሳኔ ስለምትቀይር ነው። ፍሬን የምትይዝበት ቦታ ላይ አስፋልቱ ጎርበጥ ካለ የፊት ጎማው ለቅጽበት ይቀልና መኪናው ይንሸራተታል። ስለዚህ የእውነቱ ሾፌር ትንሽ ቀደም ብሎ ወይም በጎን በኩል ፍሬን ይይዛል። ጌሙ ጉብታውን ካመጣው እናንተም ያንኑ ታደርጋላችሁ። ካላመጣው ግን የትራኩን ስዕል እንጂ ትራኩን አልነዳችሁትም።

የዚህ ሁሉ ፈተና የጀርመኑ ኑርበርግሪንግ ነው። በ1927 የተከፈተው ሰሜናዊው ዙር፣ ኖርድሽላይፈ፣ 20.832 ኪሎ ሜትር ርዝመት አለው። ከ70 በላይ መታጠፊያ፣ በዝቅተኛውና በከፍተኛው ቦታ መካከል ደግሞ 300 ሜትር ያህል ልዩነት። ጫካ ውስጥ ነው፣ ከብዙዎቹ መታጠፊያዎች ወዲያ ያለው አይታይም። ጃኪ ስቱዋርት "አረንጓዴው ሲኦል" ያለው ዝም ብሎ አይደለም። በ1976 ኒኪ ላውዳ እዚያ ተጋጭቶ ክፉኛ ተቃጠለ፤ ከዚያ ዓመት በኋላ ፎርሙላ 1 ወደዚህ ዙር አልተመለሰም። ግራን ቱሪስሞ 4 ይሄን ትራክ ሲያመጣው ቤቱ ሆኖ በቃሉ ያጠናው ትውልድ ተፈጠረ።

ከጌም ወደ አስፋልት

የእውነት ትራክ ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው፦ የተማራችሁት ነገር ከጌሙ ውጪም ይሠራል።

እንግሊዛዊው ጃን ማርደንቦሮ በ2011 ጂቲ አካዳሚ የተባለውን የግራን ቱሪስሞ ውድድር አሸንፎ እውነተኛ ሾፌር ሆነ። በ2013 በሌማን የ24 ሰዓት ውድድር ላይ ተሰለፈ። በ2023 የወጣው ግራን ቱሪስሞ የተሰኘው ፊልም የእሱን ታሪክ መሠረት ያደረገ ነው።

በቅርቡ ደግሞ ማክስ ቨርስታፐን አለ። የፎርሙላ 1 ሻምፒዮኑ በትርፍ ጊዜው ሲሙሌተር ላይ የሚያድር ሰው መሆኑ የታወቀ ነው። በሜይ 2025 "ፍራንዝ ኸርማን" በሚል የውሸት ስም ኖርድሽላይፈ ላይ ልምምድ አድርጎ ዓለምን አሳቀ። በሴፕቴምበር 27 ቀን 2025 ደግሞ በፌራሪ ጂቲ3 መኪና እዚያው ተወዳድሮ አሸነፈ። አብሮት መኪናውን እየተፈራረቀ የነዳው እንግሊዛዊው ክሪስ ሉላም ራሱ ከሲም ሬሲንግ የመጣ ልጅ ነው። 20 ኪሎ ሜትር ጫካ ለማጥናት በእውነተኛ መኪና ብቻ ቢሞከር ብዙ ጎማ፣ ብዙ ነዳጅ፣ ብዙ አደጋ ይጠይቃል። እነሱ ግን መንገዱን ይዘውት ነው የሄዱት።

ግን እዚህ ላይ ቆም እንበል። ጌሙ የማያስተምረው ነገርም አለ፣ ዋጋውም ከባድ ነው።

ኖርድሽላይፈ ላይ ፍሉግፕላትስ የሚባል ቦታ አለ። ኮረብታ ጫፍ ላይ መኪና የሚቀልበት ቦታ ነው። በማርች 2015 ጃን ማርደንቦሮ ያንን ጫፍ ሲያልፍ መኪናው ከፊት ተነስቶ አየር ላይ ወጣ፣ አጥሩን ተሻገረ። አንድ ተመልካች ሕይወቱ አለፈ፣ ሌሎችም ተጎዱ። ከዚያ በኋላ ትራኩ ላይ የፍጥነት ገደብ ተጣለ፣ ያ ቦታም ተስተካክሎ አስፋልቱ ተቀየረ።

ጌም መታጠፊያውን ያስጠናል፣ የፍሬን ቦታውን ያሳያል። ግን አጥሩ ወዲያ ሰው የለም። ስትጋጩ "ሪስታርት" ትነካላችሁ፣ አለቀ። ስለዚህ ስልክ ላይ አንደኛ ስለወጣችሁ የሰፈር አስፋልት ላይ ጎበዝ ነኝ ብላችሁ እንዳትሞክሩት። የከተማ መንገድ ትራክ አይደለም።

ታዲያ የፈጠራ ትራክ ለምን ያስፈልጋል?

ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ። የሲሙሌሽን ጌምን ለብዙኃኑ ያደረሰው ግራን ቱሪስሞ በዲሴምበር 1997 ጃፓን ውስጥ ሲወጣ የእውነት ትራክ አልነበረውም። ሁሉም ፈጠራ ነበሩ። መኪኖቹ የእውነት፣ መንገዶቹ ፈጠራ። ላጉና ሴካ የመጣው በሁለተኛው ጌም ነው።

እና ማንም አልተከፋም። እንዲያውም ሰው ትራኮቹን ወደዳቸው። ትራያል ማውንቴንን የሚያውቅ ያውቀዋል፦ ተራራ ላይ የሚወጣ መንገድ፣ ድንጋይ ተፈልፍሎ የተሠራ ዋሻ፣ ከጎን በኩል ለመስታወት የሚቀርብ ግድግዳ። የእውነት መንገድ ይመስላል፣ ግን የእውነት የውድድር ትራክ እንዲህ ሊሠራ አይችልም።

ለምን አይችልም? የእውነት ትራክ የሚሠራው ለተጫዋች ደስታ አይደለማ። መሬቱ አለ፣ የመሬቱ ባለቤት አለ፣ ጫጫታ የማይፈልግ ጎረቤት አለ፣ ባጀት አለ፣ የደህንነት ሕግ አለ። የዓለም አውቶሞቢል ፌዴሬሽን ለአዳዲስ ትራኮች ካስቀመጣቸው መመሪያዎች ውስጥ አስፋልቱ ቢያንስ 12 ሜትር እንዲሰፋ፣ ቀጥታው መስመር ከ2 ኪሎ ሜትር እንዳይበልጥ የሚሉ አሉ። መኪና ከመስመር ሲወጣ የሚቆምበት ሰፊ ባዶ ቦታም ያስፈልጋል። ለተጫዋች ግን ባዶ ቦታ ደስ አይልም፤ ድንጋይ ግድግዳ ነው ልብ የሚያንጠለጥለው።

የፈጠራ ትራክ ዲዛይነር ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው። እሱ የሚያስበው አንድ ነገር ነው፦ እዚህ ጋ ማለፊያ ቦታ ይኑር፣ እዚያ ጋ ትንፋሽ መሰብሰቢያ፣ ቀጥሎ ልብ የሚያስደነግጥ ቁልቁለት። ጀማሪው በሦስተኛው ዙር ይልመደው፣ ጎበዙ ግን በመቶኛውም ዙር ገና የሚያሻሽለው ነገር ያግኝ።

በተቃራኒው ሞናኮን እዩ። 3.337 ኪሎ ሜትር፣ ጠባብ፣ ለማለፍ እጅግ አስቸጋሪ። በ2025 አዘጋጆቹ ውድድሩ ትንሽ እንዲንቀሳቀስ ብለው እያንዳንዱ ሾፌር ቢያንስ ሁለቴ ጎማ እንዲቀይር እስከማስገደድ ደርሰዋል። ዛሬ አንድ የጌም ዲዛይነር ሞናኮን ከአእምሮው ፈጥሮ ቢያመጣ አለቃው "ማለፊያ የሌለው ትራክ ምን ያደርግልናል?" ብሎ ይመልስበታል። ግን ሞናኮ ስለሆነ ሁሉም ሊነዳው ይፈልጋል። የእውነት ትራክ ችግሩም ጭምር ታሪኩ ነው።

የፈጠራ ትራክም ታሪክ ይኖረዋል። በ2017 ግራን ቱሪስሞ ስፖርት ሲወጣ እነ ትራያል ማውንቴንና ዲፕ ፎረስት አልነበሩበትም። ተጫዋቾች ቅር ተሰኙ። በ2022 በግራን ቱሪስሞ 7 ሲመለሱ ዜና ሆነ። ትራያል ማውንቴን የኋላው ቀጥታ መስመር ረዝሞ፣ አንዳንድ መታጠፊያው ተቀይሮ ነው የመጣው። በ2023 ደግሞ ግራንድ ቫሊ ወደ ካሊፎርኒያ ባሕር ዳርቻ "ተዛውሮ" ተመለሰ። አስቡት፣ የሌለ ቦታ ቤት ቀየረ! የድሮውን የሚወዱት ደግሞ "ድሮ ይሻል ነበር" ብለው ተከራከሩ፤ ልክ ሰፈሩ ፈርሶ እንደተሠራበት ሰው።

ስሙ የማን ነው?

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ፣ ምክንያቱም ኪሳችሁን የሚነካው እዚህ ጋ ነው።

የእውነት ትራክ ባለቤት አለው። ስሙ፣ አርማው፣ አንዳንዴም ቅርጹ ያለ ፈቃድ አይነካም። ጌም ሠሪው ላይሰንስ መግዛት አለበት። ላይሰንስ ካልተገኘስ? ስም መቀየር ነዋ። የድሮ ግራን ቱሪስሞዎች ላይ "ኮት ዳዙር" የሚባል የባሕር ዳር ትራክ ነበር። ቅርጹን ያየ ሰው ሞናኮ መሆኑን ወዲያው ያውቃል። በ2015 የወጣው ፕሮጀክት ካርስም "አዙር ሰርኪት" ብሎ ሞናኮን፣ "ሳኪቶ" ብሎ ሱዙካን አምጥቷል። ስማቸው ፈጠራ፣ መንገዳቸው የታወቀ።

ላይሰንስ ደግሞ ያልቃል። ፕሮጀክት ካርስ 1 እና 2 በ2022 ከገበያ የወጡት የመኪናና የትራክ ላይሰንሶቻቸው ስላለቁ ነው። ፎርዛ ሞተርስፖርት 7 ደግሞ በ2021 ከሽያጭ ወጣ፣ ገና አራት ዓመት ሳይሞላው። ቀድሞ የገዛ ሰው መጫወት ይችላል። ያልገዛ ግን ከዲጂታል ሱቅ አያገኘውም። ጌሙ ተበላሽቶ አይደለም፣ ውል አልቆ ነው።

የፈጠራ ትራክ ግን የሠሪው ነው። ትራያል ማውንቴንን ማንም መጥቶ "ውላችሁ አልቋል፣ መልሱ" ሊለው አይችልም። በ1997 የተፈጠረ ትራክ ዛሬም ያለው ለዚህም ጭምር ነው። እርግጥ በእነዚህ ጌሞች ውስጥ መኪኖቹም ላይሰንስ ስላላቸው የፈጠራ ትራክ ብቻውን ጌሙን አያድነውም። ግን አንድ ገመድ ይቀንሳል።

የእውነት ትራክ ያረጃል

ሌላም ነገር አለ። የእውነት ትራክ ይቀየራል፣ ጌም ውስጥ ያለው ግን በተቀዳበት ቀን እንደቆመ ይቀራል።

ዲሴምበር 2021ን አስታውሱ። ሃሚልተንና ቨርስታፐን አቡዳቢ ላይ በእኩል ነጥብ ገብተው በመጨረሻው ዙር የተለየው ሻምፒዮና። ያ ውድድር የተደረገው በዚያው ዓመት በታደሰው ትራክ ላይ ነው። የዚያ ዓመት የፎርሙላ 1 ጌም ግን ቀድሞ ስለወጣ የያዘው አሮጌውን አቡዳቢ ነበር። በዘመኑ ትልቁ ውድድር የተደረገበት መንገድ በዘመኑ ጌም ውስጥ የለም ማለት ነው። አዲሱ ቅርጽ የመጣው በቀጣዩ ዓመት ጌም ላይ ነው። ቅድም ያወራንለት ፍሉግፕላትስም እንዲሁ ነው፤ አስፋልቱ ሳይስተካከል በፊት የተቀዳ ጌም ካላችሁ የምትነዱት የድሮውን ጉብታ ነው።

ይሄ ጉዳት ብቻ አይደለም። የጀርመኑ ሆከንሃይም እስከ 2001 ድረስ ጫካ ውስጥ የሚገቡ ረጃጅም ቀጥታ መስመሮች ነበሩት። በ2002 ትራኩ ከ6.8 ወደ 4.6 ኪሎ ሜትር ገደማ አጠረ፤ የድሮው መስመር አስፋልቱ ተነስቶ ዛፍ ተተከለበት። ዛሬ ሄዳችሁ ብታዩ ጫካ ነው። ግን አውቶሞቢሊስታ 2 የተባለው ጌም ውስጥ የድሮው ሆከንሃይም አሁንም ይነዳል። እዚህ ላይ ጌሙ ሙዚየም ሆነ።

ስካን የማያመጣው አየር

አንድ እኛን የሚነካ ነጥብ እንጨምር። የሜክሲኮ ሲቲ ትራክ ከባሕር ወለል ከ2,200 ሜትር በላይ ላይ ነው። አየሩ ስስ ነው። ስስ አየር ማለት ክንፉ መኪናውን ወደታች የሚጫነው ኃይል ይቀንሳል፣ ፍሬኑ በደንብ አይቀዘቅዝም፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ ጉልበት ያጣል። አዲስ አበባ ከዚያም ከፍ ትላለች። ዳገት ላይ የሚያቃስተውን አሮጌ መኪና የሚያውቅ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ሌዘር የአስፋልቱን ጉብታ ይለካል፣ አየሩን ግን አይለካም። አየሩን የጌሙ ፊዚክስ ካላሰበው ሜክሲኮም፣ በባሕር ወለል ላይ ያለ ትራክም እኩል ይሆናሉ።

እዚህ ላይ ኮምፒውተር ላላችሁ ልጆች አንድ ሐሳብ። አሴቶ ኮርሳ ተጫዋቾች የራሳቸውን ትራክ ሠርተው እንዲያስገቡ ይፈቅዳል። የቶኪዮን የከተማ ፈጣን መንገድ አድናቂዎች በዚህ መንገድ ሠርተው ብዙ ሰው ይነዳዋል። ብሌንደር የሚባለው የሦስት ዳይሜንሽን ሶፍትዌር ደግሞ በነፃ የሚገኝ ነው። ከጎሐ ጽዮን አባይ በረሃን ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣውን መንገድ አስቡት። ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት፣ ድልድይ፣ ከዚያ ያንኑ ያህል ዳገት፣ ጥምዝምዙ ሌላ። የትኛውም ዲዛይነር ቢያየው ይቀናል። እዚያ መንገድ ላይ ውድድር ማድረግ እብደት ነው፤ ጌም ውስጥ ግን ማንም አይሞትም።

ታዲያ እናንተ የትኛውን ትመርጣላችሁ?

እንደምትፈልጉት ነገር ነው።

መማር ከፈለጋችሁ የእውነት ትራክ ምረጡ። አንድ ትራክ፣ አንድ መኪና ያዙና 20 ዙር ንዱ። ከዚያ የእውነት ሾፌር እዚያው ትራክ ላይ ሲነዳ ከመኪናው ውስጥ የተቀረጸ ቪዲዮ ፈልጋችሁ እዩ። የት ፍሬን ያዘ? የት ጋዝ ረገጠ? እናንተስ? ለምሳሌ ላጉና ሴካ ላይ "ኮርክስክሩ" የሚባለው ቦታ በአንድ ጊዜ ወደ 18 ሜትር ገደማ ቁልቁል ይወርዳል፤ መታጠፊያውን ሳታዩት ነው ፍሬን የምትይዙት። ስልክ ላይ የመሪው ንዝረትና የመኪናው ክብደት አይሰማችሁም፣ ግን የመንገዱ ቅደም ተከተል ጭንቅላታችሁ ውስጥ ይገባል። ቀጥሎ ፎርሙላ 1 ስታዩ ጨዋታው ሌላ ይሆንባችኋል።

ታክሲ ሰልፍ ላይ 10 ደቂቃ ዘና ማለት ከፈለጋችሁ የፈጠራው ይሻላል። ለእናንተ ደስታ ተብሎ የተሠራ ነውና አትፈሩት።

ዳታ ጨርሳችሁ ከማውረዳችሁ ወይም ብር ከመክፈላችሁ በፊት ደግሞ ሁለት ነገር አጣሩ፦ ጌሙ ከገበያ ሊወጣ ነው የሚል ዜና አለ? ያለ ኢንተርኔት ይሠራል? ላይሰንስ የበዛበት ጌም ዕድሜው በውል የተቆረጠ ነው።

በመጨረሻ ወደ ሁለቱ ከተሞች እንመለስ። ቺካጎ ላይ መጀመሪያ ጌም ነበር፣ ከዚያ አስፋልት ሆነ። ሃኖይ ላይ አስፋልት ነበር፣ የቀረው ጌሙ ነው። "ይሄ ትራክ የእውነት አለ?" ብሎ የሚጠይቃችሁ ካለ "መቼ?" ብላችሁ መልሱለት።

እናንተስ በቃላችሁ የምታውቁት ትራክ የትኛው ነው? የእውነት ነው ወይስ ፈጠራ? ትራክ ቢሠራበት ብላችሁ የምታስቡት የአገራችን መንገድስ? ጻፉልን፣ ጌም የሚወድ ጓደኛ ካላችሁም አካፍሉት። በሌላ ጽሑፍ እንገናኝ።